ሲበርደው የሚለቅ

«የቋንቋ ተማሪ ከፕላስቲክ ሳህን ጋር ምን አገናኘው?» ይሉኛል ጓደኞቼ። መለያየት ነዋ! ዘንድሮ ተመርቀን መበታተናችን አይደል?

በሳህን ላይ ያደጉ ሕዋሳትን ለማንሳት የተለመደው ትሪፕሲን የሚባል ኢንዛይም ነው። እሱ ግን አይመርጥም፤ ከሳህኑ ያጣበቃቸውንም፣ እርስ በርስ ያያያዛቸውንም ይበጥሳል። እነ ቴሩዎ ኦካኖ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ሌላ ዘዴ አሳዩ፤ ሳህኑን ስሙ ምላስ በሚያስር ስስ ፖሊመር አለበሱት። በ37 ዲግሪ ፖሊመሩ ውሃ ይሸሻል፤ ሕዋሳቱም ይይዙታል። ከ32 በታች ሲበርደው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይለቃቸዋል፤ ያውም እንደተያያዙ! በጎመን ዘር ከታሸ ምጣድ እንጀራ እንደሚነሳ ማለት ነው፤ እንጀራው እንኳ በትኩሱ ነው። በስንብታቸው ቀናሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ከአራት ሕሙማን ከገዛ አፋቸው ተወስዶ በዚህ ሳህን ያደገ ስስ ሽፋን ያለ ስፌት ዓይናቸው ላይ ተለጠፈ። የአራቱም እይታ ተሻሻለ።