ስለዚያች የባሕር ፎቶ

ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳትን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ቢጫ ሰሌዳ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ አፌን ከፍቼ የምጮኽባትን። ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ። ግማሾቻችሁ በውስጥ መስመር "ስደተኛ ነኝ እያልሽ እንዲህ ትዝናኛለሽ እንዴ?" አላችሁኝ። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የአክስቴን ስልክ ነው። ከሆሳዕና ደወለች። ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ "የኔ ልጅ እንደ ከብት የተነዳበትን መንገድ አንቺ ትጫወቺበታለሽ?" አለችኝና ዘጋችው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ ለአክስቴ ነው። እናንተም አብራችሁ አንብቡ።

ካኩማ ካምፕ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ሁለት ጓደኞች አሉኝ። የአንዷ ፕሮሰስ አልቆ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ገባች። የሌላው ካናዳ፣ ካልጋሪ። የኔ ፋይል "በሂደት ላይ" ነው፤ ይህችን ቃል የማያውቅ ሰው ይህን ገጽ የሚያነብ አይመስለኝም። ሁለቱም ዜግነት አግኝተው ባለፈው ነሐሴ ናይሮቢ መጡ፣ የወገባቸውን ቁመት የሚያህል የጀርባ ቦርሳ ተሸክመው። ባክፓኪንግ ነው አሉኝ። ርካሽ ቦታ ማደር፣ በማታቱ መሄድ፣ ልብስን በእጅ አጥቦ ገመድ ላይ ማስጣት፣ ያለህን ሁሉ በጀርባህ መያዝ። "ይኸማ የኛ ኑሮ ነው፤ ስም እንዳለው አላወቅኩም" አልኳቸው። ሦስታችንም እስክናለቅስ ሳቅን።

እቅዳቸው ከኬንያ ጠረፍ ተነስተው ታንዛኒያ፣ ከዚያ ሞዛምቢክ፣ ሞገድ እየተከተሉ ወደ ደቡብ መውረድ ነበር። እሷ ፐርዝ ሰርፊንግ ለምዳለች። ሰሌዳ ላይ ቆሞ ከሞገዱ ጋር ወደ ዳር መንሸራተት ማለት ነው። ካርታውን ዘርግተው በጣታቸው ሲያሳዩኝ ግን ሳቄ ጠፋ። መስመሩን አውቀዋለሁ። ሞምባሳ፣ ታንጋ፣ ከዚያ ወደ ታች። ደላሎቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ልጆቻችንን እየሰበሰቡ በሞያሌ አስገብተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚነዱበት መንገድ እዚሁ ጠረፍ አጠገብ ያልፋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ ኮንቴነር ሲከፈት 64 ሰው ሞቶ የተገኘው በዚሁ ጉዞ ነው። ያን ዕለት ኢስሊ ውስጥ ስልኩን ያላነሳ ዘመድ ፍለጋ ስንደዋወል ያደርን ብዙ ነን።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ሄዷል። ታንዛኒያ ላይ ተያዘ፤ ሰባት ወር ታስሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። አሁን ሆሳዕና ባጃጅ ይነዳል። ስለ መንገዱ ለማንም አይናገርም።

ታዲያ ለምን ሄድኩ? ኬንያ ውስጥ 17 ዓመት ኖሬ ባሕሯን አላየሁም ነበር። ካኩማ ሳለሁ ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሕክምና ትጠይቃለህ፣ ለትምህርት ትጠይቃለህ። "ባሕር ማየት አምሮኝ ነው" ብሎ ማን ይጠይቃል? ናይሮቢ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ኤሊየን ካርዴን ይዤም ቢሆን፣ ፍተሻ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ሰው በፍርሃት ብቻ ከቤቱ ሳይወጣ ሊያረጅ ይችላል። እስከ ቦርደር ልሸኛችሁ አልኳቸው።

ናይሮቢ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ በረድፍ ይደረደርና ውሻ ያሸተዋል። የኔ ቦርሳ ከነሱ ቦርሳዎች መሃል ነበር። ውሻው ሦስቱንም እኩል አሽትቶ አለፈ። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ "ይሄ ነው ፍትሐዊው ተቋም" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጻቮን ስናቋርጥ በመስኮት ዝሆኖች አየን፤ ቀዩ አፈር ተለቅልቀው ሸክላ መስለው። ሞምባሳ ሲመሽ ደረስን፤ በማግስቱ በማታቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማሊንዲ።

ማሊንዲን የመረጠችው እሷ ናት። ከሞምባሳ በስተደቡብ ዲያኒ ላይ ፊት ለፊት ረጅም የኮራል አለት ስላለ ሞገዱ ሩቅ ላይ ይሰበራል፤ ዳሩ ሐይቅ ነው የሚመስለው። ማሊንዲ ግን ወሽመጡ ክፍት ስለሆነ ሞገዱ እስከ አሸዋው ድረስ ይመጣል። በክረምታችን ወራት ከደቡብ የሚነፍሰውን ነፋስ የጠረፉ ሰዎች ኩሲ ይሉታል፤ ሞገዱን የሚያመጣው እሱ ነው። ውሃው እንደ ፖስትካርድ ሰማያዊ አይደለም፣ ቡናማ ነው። አፈሩን የሚያመጣው የሳባኪ ወንዝ ነው፤ የናይሮቢ ወንዝ ራሱ ተጉዞ ተጉዞ እዚህ ይገባል። ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ።

ከተማዋ ጣሊያኖች የሞሉባት ናት። ማኪያቶ ስል ማንም ግር አላለውም፤ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያን ጠዋት አገሬ ያለሁ መስሎኝ አያውቅም። ማሀምሪ የሚሉት ቂጣ ደግሞ የቦምቦሊኖ እኅት ነው፤ በኮኮናት ወተት ከተሠራ የእርግብ አተር ጋር ይበላል። ገደሉ አፍ ላይ የቫስኮ ዳ ጋማ ምሰሶ ቆሟል። በ1498 መጥቶ፣ ከዚሁ መንገድ መሪ ይዞ ህንድ ሄደ። ማን ማኅተም ጠየቀው?

አሁን ወደ ፎቶዋ። እኔ ደገኛ ነኝ፤ መዋኘት አልችልም። ባሕር ለኔ የሬሳ ዜና ነው፦ ኦቦክ፣ የመን፣ ሊቢያ። ጓደኛዬ ይህን ስለምታውቅ ሰሌዳውን ከማስነካቷ በፊት ውሃው ውስጥ አቁማ ስለ ሞት ነው ያስተማረችኝ። "ውሃው ወደ ውስጥ ከወሰደሽ ወደ ዳር አትታገዪ፤ ትደክሚና ትሰምጪያለሽ። ጎን ለጎን ከዳሩ ጋር ዋኚ፤ መዋኘት ካልቻልሽ ተንሳፈፊና እጅሽን አንሺ።" ከወገቤ በላይ አላስገባችኝም። (ሞምባሳ ያላችሁ፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ዋና አስተምሩ።)

ከዚያ ሰሌዳው። ገመዱ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይታሰራል። በሆድሽ ትተኛለሽ፣ ሞገዱ ከኋላ ሲመጣ በእጅሽ ትቀዝፊያለሽ፣ ሲገፋሽ በአንድ ጊዜ ብድግ ትያለሽ። "እግርሽን አትመልከቺ!" ትጮኻለች። እግሬን ያየሁ ቀን ሁሉ ወደቅኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የጨው ውሃ በአፍንጫዬ ጠጣሁ። ፎቶዋ የሁለተኛው ቀን ናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆምኩ። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ያ ፎቶ የለም፤ ካናዳው ከደስታው የተነሳ ስልኩን አሸዋ ላይ ጥሎት ነበር።

አክስቴ፣ በነዚያ አራት ሰከንዶች ውስጥ ወረቀት አልነበረኝም፣ ፋይል አልነበረኝም። ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ወደ ደቡብ ተመለስን። በሊኮኒ ጀልባ ተሻገርን፣ ዲያኒ አደርን፣ በማግስቱ ሉንጋ ሉንጋ ቦርደር። አካባቢው ሰው በመታወቂያው ይገባል ይወጣል፤ ሴቶች ሙዝ ይዘው ይሻገራሉ። ጓደኞቼ ፓስፖርታቸውን አወጡ። የካናዳው ፓስፖርት ላይ የትውልድ ቦታ ኢትዮጵያ ይላል፤ እንደኔው። መኮንኑ ገለጥ ገለጥ አደረገና በፈገግታ መለሰለት። ከዚያ ወደኔ ዞረ፣ "አንቺስ?" አለኝ በስዋሂሊ። ክፉ ሰው አልነበረም። "እኔ ሸኚ ነኝ" አልኩት።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 አገሮች በሕጋዊ መንገድ አገራቸው ለሚኖር ስደተኛ የጉዞ ሰነድ እንዲሰጡ ይላል። ኬንያም ፈራሚ ናት። ያመለከትን ስንት እንደሆንን እናንተው ቁጠሩ። ያላመለከታችሁ አመልክቱ፣ ያስገባችሁበትን ደረሰኝም በሁለት ኮፒ አስቀምጡ። የኔ አንዱ ኮፒ ጠፍቶ ያየሁትን አበሳ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ከኋላ ቦርሳቸውን እያየሁ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ዞረው እጃቸውን አውለበለቡ። እነሱ በታንዛኒያ አልፈው፣ ሰሜን ሞዛምቢክ ጦርነት ስላለ ከዳሬ ሰላም በአውሮፕላን ማፑቶ ገቡ፤ በኋላ ከቶፎ የሞገድ ቪዲዮ ላኩልኝ። ውሃው እዚያ በእርግጥም ሰማያዊ ነው።

ያን ማታ ዲያኒ ብቻዬን አደርኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። የት እንዳለሁ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስድስት ዓመት ያልተናገረውን ተናገረ። አክስቴ፣ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ታንጋ አካባቢ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ቀን ዘግተውባቸዋል። 22 ነበሩ። መንገዱን ሁሉ በሌሊት ስለተጓዙ ባሕሩን አንድም ቀን አላዩም። ሌሊት ሌሊት ግን አንድ ድምፅ ነበር፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ አያቆምም። አንዱ ወፍጮ ነው አለ። ሌላው ጄኔሬተር ነው አለ። እሱ የጭነት መኪና መስሎት፣ ሊወስዱን መጡ እያለ ዘጠኝ ሌሊት ጫማውን አስሮ ተኝቷል።

"ምን ዓይነት ድምፅ?" አልኩት።

ነግሬሻለሁ እኮ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወደ ውጭ ወጣሁ። ውሃው ሞልቶ ነበር። ከዘበኛው ፋኖስ ሳልርቅ አሸዋው ላይ ቆሜ አንድ ደቂቃ ያህል ቀዳሁና ላኩለት።

ሁለት ሰማያዊ ምልክት ታየ። ቆየ። ከዚያ ድምፁን ላከ፣ ባጃጁ ከኋላው እየጮኸ፦

"እሱ ነው። ደግመሽ ላኪው፣ ረዘም አድርጊው።"