የቦረና ሥዕል በቤታችን ግድግዳ

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሜጋ የተጓዘ ሰው ቀዩን አፈርና በጥልቁ ኤላ ውስጥ በእርከን ቆመው ውሃ የሚቀባበሉትን ወጣቶች አይረሳም። በየከተማው ሳሎን የሚሰቀለው ግን ብዙውን ጊዜ የበረዶ ተራራ ሥዕል ነው። ልጆቻችን ውብ ነገር ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላቸዋል።

ሥዕሉን በቤታችን መሥራት እንችላለን። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥራችሁ በትንንሽ ምስማር ምቱ። በውሃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ ቀቡት፤ ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ ደርቡበት። ቀዩ አፈርም በስስ ጨርቅ ተነፍቶ በኮላ ሲለወስ ቀለም ይሆናል።

ምን እንሳል? የቦረና እናት ከሥራሥር ቃጫ ጎንጉና በዛጎል የምታስጌጠው የወተት ዕቃ ለመጀመሪያ ሥዕል ይበቃል። ልጆቻችሁም አብረው ይቀቡ፤ የአገራቸውን ውበት ከገዛ ግድግዳቸው ይወቁት።