ኩዴታውን ወስደን ሳቁን ተውነው

ኤታማዦር። ኩዴታ። ካድሬ። ቢሮ። ዜና የምንሠራም የምናነብም ሰዎች እነዚህን ቃላት ሳንጠራ ሳምንት አናልፍም። የሁሉም ሥራቸው ፈረንሳይኛ ነው። ከአያት በቀላል ባቡር ወደ ሜክሲኮ ስሄድ የማልፈው ለገሃርም እንደዚያው ነው፤ «ላ ጋር» ማለት ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። እንግዲህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያው ጣቢያ» እያልን ነው።

ቋንቋው የመጣልን ከላይ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳይኛውን ይዞ ገባ። ጃንሆይ ገና ልጅ ሳሉ ሐረር ላይ ከአባ ሳሙኤል ተምረውታል። ከጣልያን ወረራ በፊት መንግሥት ከውጭው ዓለም ጋር በአብዛኛው የሚጻጻፈውም በእሱ ነበር። ከ1941 በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 ቢከፈትም ፈረንሳይኛ ለብዙው ሰው «የእነ እገሌ ልጆች ቋንቋ» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በእጃችን የቀረው የሹመቱና የግልበጣው ቃል ነው። ሰው በፈረንሳይኛ እንዴት እንደሚያሾፍ፣ እንዴት እንደሚነጫነጭ፣ አማቱን እንዴት እንደሚያማ አናውቅም።

እኔን ወደዚህ የገፋኝ እንጀራዬ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የኒጀር ወታደሮች በቴሌቪዥን ቀርበው ፕሬዚዳንት ባዙምን ማውረዳቸውን በፈረንሳይኛ ሲያነቡ፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ የምኖር ጋዜጠኛ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ አማርኛ መለስኩት። የገዛ አህጉራችን ወሬ በሌላ አገር ዞሮ ነው የሚደርሰን። በኅብረቱ አዳራሽ አስተርጓሚ አለ፤ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ማድረግ ነው። ዋናው ወሬ ያለው ግን ሻይ ዕረፍት ላይ ነው። እዚያ ማዳመጫ የለም። በጽሑፍ ለሚከፈለው ፍሪላንሰር ደግሞ ያቺ ሻይ ዕረፍት የቤት ኪራይ ናት።

መማሪያ መጽሐፉ «አላውቅም» ለማለት «ዠ ነ ሴ ፓ» በሉ ይላል። ፊልም ውስጥ ሰው «ሼ ፓ» ብሎ ያልፋል፤ ልክ እንደኛ «እንጃ»። ለምን ኮሜዲ? በፈረንሳይ ድራማ ሰዎች ሲጋራ ይዘው በመስኮት ያያሉ (ያያችሁ ታውቁታላችሁ)፤ በኮሜዲ ዝም የሚል የለም። ደግሞም ድራማ ሳይገባን የገባን ሊመስለን ይችላል። ቀልድ ካልገባን ግን አልሳቅንም፤ አለቀ።

የፍራንሲስ ቬበር «ለ ዲኔ ደ ኮን» (1998) ውስጥ ዡስት ለብላን የሚባል ሰው አለ። «ዡስት» የሰው ስም ነው፤ «ብቻ» ማለትም ነው። ስሙ ዡስት ለብላን ነው ሲሉት፣ ያ የዋህ ሰውዬ «ለብላን ብቻ ነው» ብሎ ይሰማና የመጀመሪያ ስም የለውም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዳኒ ቡን በሠራው «ቢያንቭኒ ሼ ሌ ሽቲ» (2008) ደግሞ የፖስታ ቤት ኃላፊ ወደ ሰሜን ይመደባል። የአካባቢው ሰው «ስ»ን «ሽ» ይላል። የቀድሞው ኃላፊ የቤት ዕቃውን የወሰደው የራሱ ስለሆነ ነው ሲሉት «የውሾች ስለሆነ» ብሎ ይሰማል፤ «ሲያን»ና «ሺያን» ተምታተውበት። የአዲስ አበባ ልጅ ገጠር ተመድቦ ሲደናገር እንደምናየው ነው። በሦስተኛው እይታ፣ ያለ ጽሑፍ፣ በዚህ ስቄያለሁ። ሰርተፍኬት ቢሰጡኝ እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ትርፍ አለው። ፈረንሳዮች «ቱ» እና «ቩ» አላቸው፤ አንተ እና እርስዎ። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ሁለቱንም «ዩ» ብሎ ይጨፈልቃቸዋል። ጎረቤታሞች በትሕትና ሲጨቃጨቁ ቆይተው አንደኛው ድንገት ከእርስዎ ወደ አንተ ሲወርድ የቀልዱ ግማሽ እዚያ ላይ ነው፤ እንግሊዙ አያየውም። እኛ ግን እርስዎ እየተባለ ስድብ የሚሰነዘርበት፣ አንተ መባል ለጠብ የሚያበቃበት አገር ልጆች ነን፤ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ምክሬ፦ የግርጌ ጽሑፉን በፈረንሳይኛው አድርጉት፣ ወይም አጥፉት።

«ላ ግራንድ ቫድሩይ» (1966) ላይ ሉዊ ደ ፊኔስና ቡርቪል በእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለቱም ፈረንሳውያን ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን እንግሊዛዊ አብራሪ አድርጎ ስላሰበ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይሰቃያሉ። አንዳንድ የእኛ ጋዜጣዊ መግለጫዎች ትዝ ይሉኛል፤ ጠያቂም መላሽም አማርኛ እየቻሉ...

የፓሪሱ ፊልም የማይሰጠው ነገርም አለ። ኮሪደር ላይ የማገኛቸው ሰዎች ከአቢጃን፣ ከዳካር፣ ከባማኮ የመጡ ናቸው፤ እንደ ደ ፊኔስ አይናገሩም። ስለዚህ ሌሊት በማወርደው ዝርዝር ላይ አሁን አኪሲ ዴልታ የጀመረችው የአይቮሪኮስት ተከታታይ «ማ ፋሚይ» ገብቷል። ባል፣ ሚስት፣ ውሽማ፣ አማት፣ ጭቅጭቅ። እዚያ ሰው ሲገናኝ መጽሐፉ የሚያስተምረውን ሰላምታ ትቶ «ኦን ዲ ኩዋ?» ይባባላል፤ ቃል በቃል «ምን እንላለን?»፣ በእኛ ደግሞ «እሺ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» እንደማለት።