መጀመሪያ በእግር

«አኮ፣ መለማመጃዬ እዚህ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ነቀምት ግርግር ይበዛል» አለኝ የልጅ ልጄ። ነቀምት ውስጥ በአንድ ማሰልጠኛ መኪና መንዳት እየተማረ ነው። ያን ቀን ዘመድ ልንጠይቅ ከጊምቢ ወደ ነጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ቢላ መጥተን ነበር።

«እስቲ መጀመሪያ በእግር እንየው» አልኩት።

ጠዋት ወጣን። ዋናው መንገድ ባዶ መሰለን። ትንሽ ቆይቶ ግን ተማሪዎች ከየቅያሱ ብቅ ብቅ አሉ። ባጃጅ ሳያስጠነቅቅ ታጠፈ፤ ከኋላችን የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሳ አለፈ። ይህ መንገድ ለመንገደኛ ማለፊያ ነው፤ ለቢላ ልጆች ግን ደጃፋቸው ነው።

በነርስነት ሳገለግል እግሩ የተሰበረ የሰባት ዓመት ልጅ ተቀብያለሁ። የገጨው ለማጅ ነበር። አልፈጠነም፤ ማርሽ ሲቀይር ዓይኑን ወደ እጁ አወረደ እንጂ። «አንድ አፍታ ነው» እያለ ከልጁ እናት እኩል ያለቅስ ነበር።

ያንን አፍታ ለልጅ ልጄ በእርምጃ አሳየሁት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሱቁ በር ጀምሮ አሥራ አምስት እርምጃ አስቆጠርኩት። ዞር ብሎ ያለፈውን አየና ዝም አለ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲሰለጥን የትና በስንት ሰዓት እንደሚለማመድ አሰልጣኙን ጠይቁ። መጀመሪያ ሜዳና ሰው የማይበዛበት ቦታ ይሁን፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬን እዚያ ይልመዱ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ይምጣ፤ ነቀምት ዳገት አያጣትም። አደባባይና ገበያ መጨረሻ ይሁኑ። ተማሪ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት እንዲሁም የገበያ ቀንን ጀማሪ ይለፋቸው። በክረምት ጭቃው ጎማ ያንሸራትታል። መንጃ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ደግሞ ያለ አሰልጣኝ ቁልፍ አትስጧቸው፤ «ሰፈር ውስጥ ብቻ» ቢሏችሁም እንኳ። ሕፃናት የሚጫወቱት ሰፈር ውስጥ ነው።

በማግስቱ ወደ ነቀምት ስንመለስ፣ «አኮ፣ ሰኞ የምለማመድበትን መንገድ አብረሽኝ በእግር ታይዋለሽ?» አለኝ።

ጉልበቴ ያመኛል። ግን ሄድኩ።