ሙሽሮቹን የትኛው መርከብ ይውሰዳቸው?

በእኛ ጊዜ ሙሽሮች ለጫጉላ ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር ሄዱ ከተባለ ትልቅ ወሬ ነበር። አብዛኞቻችንማ መልስና ቅልቅሉ እንዳለቀ ወደ ሥራችን ተመልሰናል። ዛሬ በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን የጫጉላ ሽርሽር ሲያስቡ ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ የመርከብ ጉዞ፣ እነሱ «ክሩዝ» የሚሉት ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ወላጅ ስለሆነ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

ከፋሲካ በኋላ የእህቴን ልጅ ለመዳር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከርሜ ነበር። እህቴና ባለቤቷ ለሙሽሮቹ የሰባት ቀን የመርከብ ጉዞ ሊሰጧቸው አስበው የሁለት ኩባንያዎችን ዋጋ ሲያነጻጽሩ ደረስኩ። አንዱ ካርኒቫል፣ ሌላው ሮያል ካሪቢያን ነው። ሁለቱም ከቤታቸው የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ ከማይሞላው ከባልቲሞር ወደብ መርከብ ያስነሳሉ። የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልግም፤ ሻንጣን መኪና ላይ ጭኖ መሄድ ነው።

አንድ እሑድ ወደቡን እንድመለከት ወሰዱኝ። ፎርት ማክሄንሪ የሚባለው አሮጌ ምሽግ ውሃው ዳር ስለሆነ ለማየት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1814 የእንግሊዝ መርከቦች የደበደቡት ይህ ምሽግ ለአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ምክንያት የሆነ ነው። የግጥሙ ደራሲ ስም የተሰጠው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ደግሞ ከዚያ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ነበር። መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳሊ የተባለች የጭነት መርከብ ገጭታው ፈረሰ፤ ድልድዩ ላይ ጥገና ሲሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ወደቡ ተዘግቶ በቆየባቸው ሳምንታት የሽርሽር መርከቦቹ ወደ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ተዛውረው ነበር። ቲኬት ሲገዛ «መነሻ ወደቡ ቢለወጥ ምን ታደርጉልናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ከባልቲሞር የሚነሳ መርከብ መጀመሪያ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ለረጅም ሰዓታት ይወርዳል። ውሃው የተከለለ ስለሆነ ጉዞው እንደ ጣና ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ አትላንቲክ ይመጣል። ባሃማስ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል በባሕር ላይ ማሳለፍ ግድ ነው። ከማያሚ የሚነሳ ግን ማታ ወጥቶ ጠዋት ባሃማስ ሊደርስ ይችላል። ዋጋው ረክሶ የባሕሩ ቀን ሲበዛ ለማን እንደሚስማማ ማሰብ ያስፈልጋል።

በኩባንያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋ ይልቅ የጠባይ ነው። ካርኒቫል ዋጋው ቀለል ያለ፣ ጨዋታና ሙዚቃ የሚበዛበት፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚሄድበት ነው። ሮያል ካሪቢያን በትልልቅ መርከቦቹና በትርኢቶቹ የታወቀ ነው፤ ከባልቲሞር የሚያስነሳው ግን ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ ከነዚያ ግዙፎች አንጻር ትንሽ የሚባል መርከብ ነው። የዚሁ ቡድን አባል የሆነው ሰለብሪቲ ጸጥታ ለሚፈልጉ አዋቂዎች ይመቻል። ቨርጂን ቮያጅስ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ጨርሶ አያሳፍርም። ለጫጉላ የሚፈለገው ጸጥታ ከሆነ ይህ ከመዋኛ ገንዳው ስፋት ይበልጣል።

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ሲያድሩ። ታክስና የወደብ ክፍያ አለ። ቲፕ በቀን ለአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይታሰባል፤ ለሁለት ሰው በሰባት ቀን ከ224 እስከ 280 ዶላር መሆኑ ነው። በዋናዎቹ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ምግብ፣ ውሃና ተራ ቡና በዋጋው ውስጥ ነው፤ ለስላሳና አልኮል መጠጥ እንዲሁም ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። በበዓለ ሃምሳ ለሚሄዱ ጾም የለም፤ በሌላ ጊዜ ለሚጾሙ ግን የጾም ምግብ አስቀድሞ ማሳወቅ ይሻላል።

በነርስነት የኖርኩ ስለሆንኩ የጤናውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የባሕር ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ክፍሉን ከመርከቡ መሐልና ከታችኛው ፎቅ ይምረጥ፤ ውዝዋዜው እዚያ ይቀንሳል። መድኃኒቱም ከማቅለሽለሹ በፊት እንጂ ካስመለሱ በኋላ ብዙ አይረዳም። ሰው በተሰበሰበበት መርከብ ላይ ኖሮቫይረስ የተባለው ተቅማጥና ትውከት ቶሎ ይዛመታል፤ ለእሱ የእጅ ሳኒታይዘር ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፣ ሳሙናና ውሃ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መርከቦችን መርምሮ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ በመርከቡ ስም ለሕዝብ ስለሚወጣ ከኩባንያው ዝና ይልቅ የመርከቡን ስም ይዞ ማየት ይቻላል። መርከብ ላይ ሐኪምና ነርስ አሉ፤ ሕክምናው ግን በክፍያ ነው። ከባሕር ላይ በሄሊኮፕተር መወሰድ ከመጣ ወጪው ቤት ያፈርሳልና ይህን የሚሸፍን የጉዞ መድን ቸል አይባልም። በካሪቢያን አካባቢ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው፤ የጥር ሙሽሮች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው።

ይህ ሁሉ ተሰልቶ ገንዘቡ ሊከፈል ሲል የሙሽሪት እናት ከአዲስ አበባ ደወሉ። የተጠየቁት በረንዳ ያለው ክፍል ይሻል እንደሆነ ነበር። እሳቸው ግን «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ በያዘችው ወረቀት ከአሜሪካ ወጥታ መመለስ ትችላለች?» አሉ። እህቴም «ኧረ መርከቡ ከባልቲሞር ተነስቶ ተመልሶ ባልቲሞር ነው የሚመጣው፤ የት ወጣች ይባላል?» አለች። ጥያቄው ግን ከማናችንም ጭንቅላት አልወጣም፤ በማግስቱ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ተሄደ።

ወጣች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በሌላ አገር ባንዲራ የተመዘገበ መርከብ መንገደኛን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደ ባሃማስና ፓናማ ባሉ አገሮች የተመዘገቡ ስለሆኑ በመንገዳቸው ላይ አንድ የውጭ ወደብ መርገጥ አለባቸው። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱት እንኳ ካናዳ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ዜግነት ያለው ሙሽራ እንዲህ ካለው ደርሶ መልስ ጉዞ ያለ ፓስፖርት፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በመታወቂያ ሊመለስ ይችላል። በእጮኛ ቪዛ የገባች ሙሽሪት ግን ቪዛዋ ለአንድ መግቢያ ብቻ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ተጋብታ ለግሪን ካርድ ስታመለክት የጉዞ ፈቃድ አብራ ትጠይቃለች፤ ፈቃዱ ሳይደርሳት ከወጣች ማመልከቻዋን እንደተወችው ይቆጠራል። ባሏ አንድ በር አልፎ ይገባል፣ እሷ ደግሞ ባሃማስ ላይ ትቀራለች ማለት ነው። መሳፈሪያው ላይ ቢመልሷት እንኳ የቲኬቱ ገንዘብ ሊቀር ይችላል። ለሰርግ የሄድን እናትና አባትም «እናንተም አብራችሁ ኑ» ስንባል ቪዛችን ለአንድ መግቢያ መሆን አለመሆኑን እንይ።

ከዚያ በኋላ የኩባንያ ምርጫው ሌላ መልክ ያዘ። ከአሜሪካ ሳይወጣ የሚዞር ትልቅ መርከብ የኖርዌጂያን ኩባንያ «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ነው። በአሜሪካ ባንዲራ የተመዘገበ ሲሆን ከሆኖሉሉ ተነስቶ በሰባት ቀን አራት የሃዋይ ደሴቶችን ያዳርሳል። ከዋሽንግተን ሆኖሉሉ ግን ከአሥር ሰዓት በላይ በረራ ነው፣ ወጪውም እንዲሁ ይረዝማል። አሜሪካን ክሩዝ ላይንስ የተባለው ደግሞ በትንንሽ መርከቦች እዚያው ቼሳፒክ ላይ ያንሸራሽራል። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ተሳፋሪዎቹም አብዛኞቹ የእኔ ቢጤ ጡረተኞች ናቸው። ሙሽራው ሥዕሉን አይቶ «አክስቴ፣ ይሄ ለአንቺ ነው» አለኝ።

በመጨረሻ እህቴና ባለቤቷ ለመርከቡ ያሰቡትን ገንዘብ በሙሽሮቹ ስም አስቀመጡት። ልጆቹ በመኪና ሰባት ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የቼሳፒክ ድልድይ ተሻግረው ኦሽን ሲቲ ሄዱ፤ ፊቱን ወደ አትላንቲክ ባደረገ ሆቴል አራት ቀን አደሩ። የበጋው ሰው ገና ስላልመጣ ዋጋው ቀላል ነበር። ሙሽሪት ከዚያ በፊት ውቅያኖስ አይታ አታውቅም፤ ለእናቷ በስልክ የማዕበሉን ድምፅ አሰማቻቸው።

ወረቀቱ ሲመጣ የትኛውን መርከብ እንደሚይዙ ይመርጣሉ። ጫጉላ ሲዘገይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፤ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንቷ ውስጥ የምትገባን ነፍሰ ጡር አያሳፍሩም። ይህን አማት ባትጠይቅ ይሻላል፤ ልጆቹ ራሳቸው ይወቁት። ከወላጅ የሚጠበቀው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መርከቡ የት የት እንደሚቆም፣ የሁለቱም ሙሽሮች ወረቀት ምን እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ቀኑንም መርከቡንም፣ ለባለቤቶቹ መተው ነው።