ስልኩ በእጄ ነበር

ከመዘምራን ልምምድ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ስልኬን እያየሁ ዜብራ ላይ የሚሻገር ሊስትሮ ገጨሁ። እግሩ ተሰበረ። አንዷ እህት ልጁን ይዛ በታክሲ ወደ ሆስፒታል ሄደች፤ መኪናዋን ግን ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ አላንቀሳቀስናትም።

አጠገቤ የነበረው ወንድም "የስልኩን ነገር እንዳታነሳ፣ ትከሰሳለህ" አለኝ። ፈራሁ። መኪናዋ የአባቴ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመኪናውን ባያጠፋም ይጠይቀዋል፤ የሦስተኛ ወገን መድን ካሳ ደግሞ ጣሪያ አለው።

ፖሊሱ "እንዴት ሆነ?" ሲለኝ አንደበቴ ተሳሰረ።

"ስልክ እያየሁ ነበር" አልኩ። ቃሌ ተጻፈ፤ ፈረምኩ።

አባቴ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ገዝቶ መጣና "ተነስ፣ ልጁን እንጠይቀው" አለኝ።

ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሊስትሮ ሳጥኑ ነው። ለካ መኪናዋ ውስጥ ረስቼዋለሁ።