የወጣቶችን ረዳት ስለ ማሠልጠን

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ፥ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፥ ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ የተጓዘ ሰው በግራና በቀኝ የገብሱን ማሳና የነጭ ሽንኩርቱን መደብ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ በየከተማው መግቢያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው የሚውሉትን ወጣቶች ሲያይ ያዝናል። ከእነዚህም ብዙዎቹ 12ኛ ክፍልን የፈጸሙ፥ አንዳንዶቹም ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ናቸው።

እኛ እነዚህን ወጣቶች በቀጥታ የምናስተምር አይደለንም። የእኛ ሥራ እነርሱን የሚረዱትን፥ ማለት በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየወጣቶች ማዕከሉ የተመደቡትን ሠራተኞች፥ ሥራ ፈጣሪነትን እንዴት እንደሚደግፉ ማሠልጠን ነው። ስለዚህ ጕዳይ ብዕር ያነሣነውም አንድ ጊዜ በፈጸምነው ስሕተት ምክንያት ነው።

በ2009 ዓ.ም መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለትን የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በዐዋጅ ባቋቋመ ጊዜ፥ በየቦታው ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ ለብድር ማብቃት ትልቅ ጥድፊያ ሆኖ ነበር። እኛም በዚያ ወራት ሠራተኞችን በአዳራሽ እየሰበሰብን 5 ቀን እናስተምር ነበር። የምናስተምረውም በአብዛኛው የሥራ ዕቅድ አጻጻፍ ነው፤ ይኸውም ወጪው፥ ገቢው፥ ትርፉና የብድሩ አከፋፈል በሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሞላ ነው። ለምሳሌነት ያቀረብነው የዶሮ ርባታ ሲሆን፥ ሒሳቡ የተሠራው በቈላ አገር ላለ ከተማ ነበር። ምሳሌ ምሳሌ ነውና እንዳለ የሚገለብጠው ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም።

ከሠልጣኞቻችን አንዱ፥ ትጉህና ቅን ሰው፥ ወደ ደጋው ወረዳው ተመለሰና 5 ሥራ አጦችን አደራጀ፤ ዕቅዳቸውንም ከእኛው ሰንጠረዥ ላይ ሠራላቸው። ብድሩ በቡድን ዋስትና ተገኘ። ጫጩቶቹ በጥቅምት ደረሱ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ የሰሜን ጎንደር ደጋ የጥቅምት ሌሊት ግን ውርጭ የሚወርድበት ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ታፈኑ፤ ወጣቶቹ ጧት በሩን ሲከፍቱ ከግማሽ የሚበልጡት ሞተው አገኟቸው። የተረፉት አድገው በአምስተኛው ወር ዕንቁላል መጣል ሲጀምሩ መጋቢት ገባ፤ ወሩም ሁዳዴ ነበር። በዚያ አገር በ55ቱ የጾም ቀን ዕንቁላል የሚገዛ የለም ማለት ይቻላል። የእኛ ሰንጠረዥ በየወሩ እኩል ገቢ ያሳያል እንጂ ጾም የሚባል ዐምድ አልነበረውም።

ከ5ቱ አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ። የቀሩት 4ቱ የእርሱን ድርሻ ጭምር ተሸከሙ፤ የቡድን ዋስትና ማለት ይህ ነውና። ያንን ሠራተኛ አግኝተን ስንጠይቀው ደብተሩን አውጥቶ አሳየን። ያስተማርነውን አንድም ሳያጐድል ፈጽሞታል። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ረዳት የሚሆን ሰው እንዴት ይሠለጥናል? መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ከዚያው ከጎንደር ነው። በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከፈጀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ ይህ ነው። በዚያ ኮሌጅ ጤና መኮንኑ፥ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። በሽተኛውን ከነቤቱ፥ ከነምንጩ፥ ከነጐረቤቱ ያዩታል። ወባን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ረግረጉ የት እንደ ሆነ አያውቅምና።

እኛም ይህን አሠራር ተበደርን። የአዳራሹን ትምህርት ወደ 2 ቀን አሳጠርነው፤ በሦስተኛው ቀን ሠልጣኞቹን ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሰደድናቸው። እያንዳንዱ ከአንድ ነጋዴ አጠገብ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ የምታስበውን ሒሳብ እንዲጽፍ አዘዝን። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፥ ፊደል ያልቈጠሩ እናት፥ ለሠልጣኛችን «ልጄ፥ እኔ ሽንኩርት የማከማቸው የሠርግ ወሬ ስሰማ ነው» አሉት። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ የትኛው ቅዳሜ እንደሚያተርፍ፥ በየትኛው ዕቃው እንደሚበሰብስ አንድ በአንድ ቈጠሩለት። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ ለአዲስ ሠልጣኞች እናነብላቸዋለን።

ይህን ስንል የአዳራሹን ትምህርት መናቃችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና ተጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ አማካይነት ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተው ኢምፕሬቴክ የተባለው ሥልጠና፥ በ2005 ዓ.ም በተቋቋመው የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ማዕከል በኩል ወደ አገራችን ገብቷል። 6 ቀን የሚወስድ ሲሆን የሰውን ጠባይና ቈራጥነት የሚመረምር መልካም ትምህርት ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ሰባተኛው ቀን ነው፤ ወጣቱ ወደ ቤቱ ሲገባ አባቱ ተቈጥቶ ይጠብቀዋልና።

ስለ አባቶች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቀች መንደር ናት። ቤተ እስራኤሎች በ1977ና በ1983 ዓ.ም ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሸክላውን ጐረቤቶቻቸው እየሠሩ ለጐብኚ ሸጠዋል። ይሁንና ባለእጅን መናቅ ከአገራችን ፈጽሞ አልወጣም፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆንም፥ ዛሬም «አስተምሬህ ሸክላ ልትጠፈጥፍ ነውን?» የሚል ወላጅ አለ። ስለዚህ ሠልጣኞቻችን ከዕቅዱ በፊት ወደ ወጣቱ ቤት ሄደው ቡና እንዲጠጡ እናደርጋለን። ይህንን እንደ ሥልጠና የማይቈጥሩ ባልደረቦች አሉን፤ እኛ ግን እንቈጥረዋለን።

ከሁሉ የሚያከራክረን በቅርቡ የጨመርነው ትምህርት ነው፤ ይኸውም ሥራን በጊዜ መዝጋት ነው። በደባርቅ በአስጐብኚነት፥ በበቅሎ ኪራይና በምግብ አብሳይነት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጐብኚ እያገለገሉ የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም ወረርሽኙ፥ በ2013 ዓ.ም እስከ ዳባት አካባቢ የደረሰው ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት እንግዳውን አራቀባቸው። እነዚህ ወጣቶች ዕቅዳቸው መልካም ነበረ፤ ትጋትም አልጐደላቸውም። ታዲያ ረዳታቸው «በርቱ» ከማለት በቀር የሚነግራቸው ሊኖረው ይገባል። የትኛው ዕቃ አስቀድሞ ይሸጥ? አበዳሪው የመክፈያ ጊዜ እንዲያራዝም ምን ተብሎ ይጻፍ? በቅሎዋ ከመክሳቷ በፊት መሸጧ ነውር አለመሆኑን ማን ይንገራቸው? ይህ ትምህርት ተስፋ ያስቈርጣል የሚሉ አሉ። ዕዳው ሳይበዛ የቆመ ሰው ሁለተኛ ለመጀመር ዐቅም እንደሚኖረው ግን በዐይናችን አይተናል።

በቅርቡ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስንሄድ ሾፌሩ ዞር ብሎ በስማችን ጠራን። ከእነዚያ ከ5ቱ አንዱ ነው። ባጃጁ የሌላ ሰው ነው፤ የዶሮው ዕዳ ያለቀው ከአንድ ዓመት በፊት እንደ ሆነ ነገረን። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ነዳና፥ «ጋሼ፥ አሁን ለሚያስተምሯቸው ስለ ብርዱ ይነግሯቸዋል?» ሲል ጠየቀን። እንነግራቸዋለን አልነው። «ስለ ጾሙስ?» አለ። ስለ ጾሙም እንነግራቸዋለን አልነው። ፒያሳ ስንደርስ ሒሳቡን አልቀበልም ብሎ አስቸገረን፤ ብሩን በግድ ከመቀመጫው ላይ ትተንለት ወረድን።